ለቤት የሚቀር

ደብሮኛል። ምክንያት የለውም። ዝናቡ ከምሳ በኋላ ጀምሮ አላባራም። ሀዋሳ ፒያሳ ላይ ባጃጅ እንኳ ጠፍቷል። አንዲት ተማሪ ለመጠለል ቸኮሌት ሱቄ ገብታ የትንሿን ቸኮሌት ዋጋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እንዴ!» አለችና ዝናቡን መረጠች።

ልጠራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎ ዋጋ በቶን ከ12 ሺህ ዶላር አልፎ እንደነበር፣ ጋናና አይቮሪኮስት ውስጥ ዝናቡ ተዛብቶ ዛፉም ታሞ እንደነበር ላስረዳት። ታዲያ ይሄ ለእሷ ምኗ ነው?

ጋናን ካነሳሁ አይቀር አማቴ ትዝ አሉኝ፤ እማዬ ነው የምላቸው። ከቤተሰቤ ጋር ጋና ሄደን ነበር፤ የጉዞውን ፎቶ ለጥፌ ሁላችሁም አይታችኋል። ያልለጠፍኩት የእሳቸውን ነገር ነው።

ማምፖንግ በምትባል የጋና ከተማ አስጎብኚው ይተርካል። ቴቴ ኳርሺ የሚባል አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1879 ከፈርናንዶ ፖ ደሴት የካካዎ ዘር አምጥቶ እዚያ ተከለ። እኛ ፎቶ እንነሳለን። እማዬ ግን «አንጥረኛ ነው ያለው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እኛ እኮ ከአንጥረኛ ጋር ቡና አንጠጣም ነበር» ብለው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ከዚያ ወደ አንድ ገበሬ ማሳ ሄድን። ፍሬው ግንዱ ላይ ተለጥፎ ነው የሚያድገው። ትንሿ ልጄ በውስጡ ያለውን ነጭ ነገር መጥጣ ዘሩን ተፋችው፤ ለካ እኛ የምንፈልገው የተፋችውን ነው። ዘሩን ከምረው በሙዝ መሰል ቅጠል ይሸፍኑትና ስድስት ቀን ያህል ይብላላል። ቅጠሉ ሲገለጥ ኮምጣጣው ሽታ ወጣ። እማዬ ጠጋ ብለው «ዋሳ!» አሉ፣ ቆጮን በሲዳምኛ። ቆጮ ሲያብላሉ ኖረው ምን ያስደንቃቸዋል? ካልተብላላ የቸኮሌት ጣዕም እንደማይመጣ እኔ የተማርኩት ከፍዬ ነው። ስንት እንደከፈልኩ አልናገርም።

ቀጥለው በአስጎብኚው በኩል ገበሬውን «ለቤት የምታስቀሩት የቱን ነው?» ብለው ጠየቁት። አስጎብኚው ጥያቄውን አስደገማቸው። ሲዳማ፣ አለታ ወንዶ፣ እሳቸው ጓሮ ቡና ሲደርስ መጀመሪያ የቤቱ ይነሳል። ነጋዴ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ገበሬው ሳቀ። ሁሉም ይሸጣል። ዋጋውን የሚቆርጠውም መንግሥት ነው።

ነገሩን ላለዝብ ብዬ ከሀዋሳ የያዝኩትን ቸኮሌት አወጣሁ። አዎ፣ ጋና ድረስ ቸኮሌት ይዤ ሄጃለሁ። ያውም ቀልጦ። ሰውየው ቀመሰና «ስኳር በዝቶበታል» አለ። ሲተረጎምላቸው እማዬ «እኔስ ምን አልኩ!» ብለው እጁን ጨበጡት። ቋንቋ አያግባባቸውም፣ በእኔ ላይ ግን ተግባቡ።

ያ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። እኔስ ለቤት የማስቀረው ምንድን ነው? ቆይቶ ነጭ ያወጣውን ቸኮሌት፣ ደንበኛ ዞር ብሎ የማያየውን። እሱንም ቢሆን ልጆቼ አይፈልጉትም። ሱቄ ደጃፍ ላይ ከምትሸጠው ሴትዮ ቆሎ ይገዛሉ፣ ከእኔው መሳቢያ ባወጡት ብር። ነጩን ማታ ማታ የምጨርሰው እኔ ነኝ። ሚዛን ላይ መውጣት ካቆምኩ ቆየሁ።

ግን እውነት ስኳሩ በዝቷል እንዴ?