ለኤልጂቢቲ ጤና ጥናት መረጃውም ገንዘቡም የት ይገኛል?

የምሠራው በዋሽንግተን አካባቢ በሕዝብ ጤና ጥናት ዘርፍ በመሆኑ፣ የኤልጂቢቲ (ሌዝቢያን፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋልና ትራንስጀንደር) ሰዎችን ጤና የሚመለከት ጥናትና የምርምር ገንዘብ የት እንደሚገኝ የሚጠይቁኝ የሐበሻ ልጆች ጥቂት አይደሉም። አንዳንዱ የማስተርስ ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ተማሪ ነው፤ ሌላዋ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። አብዛኞቹ ጥያቄውን በጽሑፍ እንጂ በስልክ አያነሡትም፤ ለምን እንደሆነም አንጠያየቅም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ የማውቀውን እዚህ ባሰፍረው ይሻላል ብያለሁ። ዓመቶቹ፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ገንዘቡ ከማውራት በፊት ስለ ቆጠራው መነጋገር ይኖርብናል። አንድ የኅብረተሰብ ክፍል ምን ያህል እንደሆነ፣ በየትኛው በሽታ ይበልጥ እንደሚጠቃና ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው የሚያሳይ መረጃ ከሌለ፣ ፕሮፖዛሉ የቱንም ያህል ቢያምር ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ የሚያነሡት «ችግሩ መኖሩን በምን አወቃችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ቃለ መጠይቅ ጥናት ከ1957 ጀምሮ በየዓመቱ ሲካሄድ፣ የሰዎችን ፆታዊ ዝንባሌ መጠየቅ የጀመረው በ2013 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ከሃምሳ የሚበልጡ ዓመታት ውስጥ በዚያ ጥናት ቤታቸው የተንኳኳ ሌዝቢያኖችና ጌዮች መጠይቁን ሞልተዋል፣ ስለ ደም ግፊታቸውና ስለ ሲጋራቸው መልሰዋል፤ መልሳቸው ግን ከሌላው ሕዝብ ጋር ተደባልቆ ስለቀረ ስለ እነርሱ የሚናገረው ነገር አልነበረም።

ከቆጠራው ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ነው። በ2014 በአሜሪካ የሕዝብ ጤና ጆርናል የወጣ አንድ ጥናት፣ የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ማለትም ኤንአይኤች ከ1989 እስከ 2011 ገንዘብ የሰጣቸውን ምርምሮች መርምሮ የኤልጂቢቲ ጤናን የሚመለከቱት 628 ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ከእነዚህም ውስጥ 79.1 በመቶው ያተኮረው በኤችአይቪ ላይ ነበር፤ ኤችአይቪና ሌሎች ወሲባዊ የጤና ጉዳዮች ሲወጡ የሚቀሩት 113 ናቸው፣ ይህም ተቋሙ ገንዘብ ከሰጣቸው ጥናቶች ሁሉ 0.1 በመቶ ማለት ነው። ከ628ቱ 86.1 በመቶው ወንዶችን ሲያጠና፣ ሴቶችን ያጠናው 13.5 በመቶ፣ ትራንስጀንደር ሰዎችን ያጠናው ደግሞ 6.8 በመቶ ብቻ ነው። ለተማሪዎች በመጀመሪያ የማስነብበው ይህንን ጥናት ነው፤ ክፍተቱ የት እንደሆነ በአንድ ገጽ ስለሚያሳይ ለማንኛውም ፕሮፖዛል መግቢያ ይሆናል።

ገንዘቡ በኤችአይቪና በወንዶች ላይ ያተኮረበት ምክንያት ግልጽ ነው። በጁን 1981 በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣት ወንዶች ያልተለመደ የሳንባ ምች እንደያዛቸው ከተዘገበበት ቀን ጀምሮ፣ መንግሥት ስለ ጌይ ወንዶች ጤና ማሰብ ሲጀምር ያሰበው በተላላፊ በሽታ በኩል ነበር፤ እሱም ቢሆን ዘግይቶና ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ። የኤችአይቪ ገንዘብ ክሊኒኮችን አቁሟል፣ ተመራማሪዎችን አፍርቷል፣ ውለታው ትልቅ ነው። በእኔ እይታ ግን ዓይንንም አጥብቧል። ሌዝቢያን ሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከሌሎች ሴቶች ባነሰ መጠን የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ፣ ልጅ የሌላቸው አረጋውያን ጥንዶች በመጦሪያ ቤት ምን እንደሚገጥማቸው፣ መገለልና መደበቅ ለረጅም ጊዜ በአእምሮ ጤና ላይ የሚያደርሱት ጫና፣ እነዚህ ሁሉ በጀት ያገኙት በጣም ዘግይተው ነው።

በ2011 ኢንስቲትዩት ኦፍ ሜዲስን የተባለው የአገሪቱ የጤና አማካሪ ተቋም በኤንአይኤች ጥያቄ ያወጣው ዳጎስ ያለ ሪፖርት ነገሩን ቀየረው። በ2015 በኤንአይኤች ውስጥ ለዚህ ጉዳይ ራሱን የቻለ ቢሮ ተከፈተ፤ በኦክቶበር 2016 ደግሞ የአናሳ ሕዝቦች ጤና ኢንስቲትዩት ዳይሬክተር ዶክተር ኤሊሴዮ ፔሬዝ-ስቴብል፣ የኤልጂቢቲ ሰዎች ለምርምር ዓላማ የጤና ልዩነት ያለባቸው (ማለትም ጤናቸው ከሌላው ሕዝብ የሚጎዳ) ሕዝብ ተብለው መመደባቸውን አስታወቁ። ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የጤና ልዩነትን ለማጥናት የወጣ ማንኛውም የገንዘብ ጥሪ ከዚያ በኋላ እነርሱንም ይመለከት ነበር።

«ነበር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በ2025 መጀመሪያ አስተዳደሩ ሲቀየር ለኤልጂቢቲ ጤና የተሰጡ በርካታ ግራንቶች (የምርምር ድጋፎች) በሥራ መካከል ተቋረጡ፤ ከፌዴራል የጤና ድረ ገጾችም መረጃዎች ተነሥተው በፌብሩዋሪ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተመለሱ። በጁን የቦስተኑ ፌዴራል ዳኛ ዊልያም ያንግ የግራንቶቹን መሰረዝ ሕገ ወጥ ብለው ወሰኑ። በኦገስት ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ የገንዘቡን ክርክር ማየት ያለበት ሌላ ፍርድ ቤት ነው በማለት የዳኛውን ትእዛዝ በዚህ በኩል አገደው። ስለዚህ በ2022 ወይም በ2023 የወጣ የገንዘብ ጥሪ አግኝቶ ደስ ያለው ሰው ወር ሙሉ ከመጻፉ በፊት ጥሪው አሁንም ክፍት መሆኑን ያረጋግጥ። የሚጠቅም ሪፖርት ሲያገኝም ሊንኩን ብቻ ሳይሆን ሰነዱን አውርዶ ያስቀምጥ።

አሁን ወደ ፍለጋው ልግባ። ፐብሜድ በተባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ላይ «ሴክሹዋል ኤንድ ጄንደር ማይኖሪቲስ» የሚለው መደበኛ የርዕስ ቃል የገባው በ2018 ነው፤ በዚያ ብቻ የሚፈልግ ሰው የቀድሞዎቹ ጥናቶች ያመልጡታል፣ ስለዚህ ጌይ፣ ሌዝቢያን፣ ባይሴክሹዋልና ትራንስጀንደር የሚሉትን ለየብቻ ጨምሮ መፈለግ ያስፈልጋል። ገንዘብ ፈላጊ ደግሞ ከማመልከቻ ጥሪዎቹ ይልቅ «ሪፖርተር» በተባለው የኤንአይኤች የመረጃ ቋት ቢጀምር እመርጣለሁ፤ ማን፣ በየትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ ለምን ጥናት፣ ስንት ዶላር እንዳገኘ ከአጭር መግለጫው ጋር እዚያ ይገኛል። ያሸነፈ ማመልከቻ መግለጫ ማንበብ ከብዙ ሥልጠና ይሻላል።

ለጀማሪ ግን ትልቁ ተቋም ብዙ ጊዜ ሩቅ ነው። በ1981 የተቋቋመው የሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች ማኅበር ጂኤልኤምኤ በሥሩ የሌዝቢያን ጤና ፈንድ አለው፤ ከ1992 ጀምሮ ለሴቶች ጤና ጥናት አነስተኛ ድጋፍ ሲሰጥ ቆይቷል። በ1985 የተመሠረተው አምፋር የተባለው የኤድስ ምርምር ድርጅት ደግሞ ገንዘብ የሚሰጠው ኤችአይቪን ለሚያጠኑ ነው። በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዩሲኤልኤ) ያለው ዊልያምስ ኢንስቲትዩት በዋናነት ገንዘብ ሰጪ ሳይሆን ለፕሮፖዛሉ መግቢያ የሚሆኑ የሕዝብ ቁጥር ግምቶች የሚገኙበት ቦታ ነው። በትንሽ ገንዘብ ሠላሳ ሰው አነጋግሮ የተጻፈ የሙከራ ጥናት፣ ከላይ ላነሣሁት የገምጋሚዎች ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይሆናል።

ምርምር ሳይሆን ለራሱ ድጋፍ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ ሩቅ አይሄድም። ዛሬ ዊትማን-ዎከር የሚባለው ማእከል መነሻው በ1973 በጆርጅታውን በአንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተከፈተ የበጎ ፈቃደኞች ክሊኒክ ነው። እንደዚህ ያሉ በፌዴራል ድጎማ የሚሠሩ ማእከላት ክፍያቸውን በታካሚው ገቢ ልክ ይቀንሳሉ፤ ከ1990 ጀምሮ ያለው የራያን ዋይት ፕሮግራምም ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰውን የኢሚግሬሽን ወረቀት ሳይጠይቅ ያግዛል። ወረቀቱን ፈርቶ ሕክምና የሚያዘገይ ወገን ስላለ ይህን ደግሜ እናገራለሁ።

የእኛን ሰው ከሕክምና የሚያርቀው ግን ከክፍያው ይልቅ አስተርጓሚው ነው። አንድ ወጣት ከአክስቱ ልጅ ጋር መጥቶ፣ የአክስቱ ልጅ እያስተረጎመለት፣ ሐኪሟ ስለ ፍቅር ግንኙነቱ ስትጠይቀው ወለሉን እያየ «ማንም የለኝም» ሲል በቦታው ነበርኩ። ፋይሉ ላይ የተጻፈውም ያ ነው፤ መጠየቅ የነበረበት ሁሉ በዚያው ተዘጋ። የፌዴራሉ የጤና ሕግ ክሊኒኮች አብሮ የመጣን ዘመድ በአስተርጓሚነት እንዲጠቀሙ በልዩ ሁኔታ ካልሆነ አይፈቅድም፤ የዲሲ የ2004 የቋንቋ ሕግም አማርኛን ከሚገለገልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ሆኖም ከተማው ትንሽ፣ ሐበሻው የሚተዋወቅ ስለሆነ ባለሙያ አስተርጓሚም ያስፈራል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሚሠራው ዘዴ በሌላ ግዛት የተቀመጠ የስልክ አስተርጓሚ መጠየቅና የታካሚውን ስም ሳይናገሩ መጀመር ነው፤ ይህን መጠየቅ ይቻላል።

እዚህ ላይ ቆጠራው ተመልሶ ይመጣል። በጤና መጠይቆች ላይ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሚመደበው «ጥቁር ወይም አፍሪካን አሜሪካን» በሚለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ የኤልጂቢቲ ሐበሻ ደግሞ ዝንባሌውን በእንግሊዝኛ ለማያውቀው ሰው አይናገርም። ሁለት ጊዜ ይጠፋል። ይህ ክፍተት ለጥናት ጥሩ ርዕስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ጥንቃቄው ግን ከርዕሱ በላይ ይከብዳል። በአገር ቤት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ያስቀጣል፤ ተሳታፊው በጥናቱ የስምምነት ቅጽ ላይ ያሰፈረው ፊርማ ራሱ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የምርምር ደንብ፣ ተሳታፊውን ከጥናቱ ጋር የሚያገናኘው ብቸኛ ሰነድ ቅጹ ከሆነና ዋናው አደጋ የምስጢር መውጣት ከሆነ፣ ፊርማው እንዲቀር የሥነ ምግባር ኮሚቴው መፍቀድ እንደሚችል ይደነግጋል። ኤንአይኤች ገንዘብ የሰጣቸው ጥናቶች ከ2017 ጀምሮ በቀጥታ የሚያገኙት የምስጢር ጥበቃ ሰርተፍኬት ደግሞ ተመራማሪው የተሳታፊን ማንነት ለፍርድ ቤት እንዲሰጥ እንዳይገደድ ይከላከላል፤ ከአሜሪካ ውጭ ባለ ፍርድ ቤት ፊት ግን ዋስትና አይሆንም።

አዲስ አበባ ሄዳ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ ያሰበች አንዲት ተማሪ ፕሮፖዛሏን ስትልክልኝ፣ ቦታውን እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ እንድትለውጥ፣ ስምም እንዳትመዘግብ መክሬያታለሁ። ተስማምታለች፤ አሁን የአስተርጓሚዎቹን ክፍያ በጀቱ ውስጥ እያስገባን ነው።