ከወገብ ማደንዘዣ በኋላ ግፊቱ የሚወርደው የማን ነው?

በዕድሜ ለገፋ ሰው ስፓይናል (በወገብ በኩል የሚወጋውን ማደንዘዣ) ስንሰጥ እኔን የሚያስጨንቀኝ መርፌው አይደለም። ከመርፌው በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ናቸው። 150 የነበረው የላይኛው የደም ግፊት ዓይናችን እያየ 85 ሊገባ ይችላል።

መድኃኒቱ የሕመም ነርቮችን ብቻ አያደነዝዝም፤ የደም ሥሮችን አጥብበው የሚይዙትንም አብሮ ያደነዝዛል። ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ደሙ እግርና ሆድ ላይ ይቀራል፣ ወደ ልብ የሚመለሰው ያንሳል። የወጣት ሰውነት ቶሎ ያካክሳል። የ75 ዓመት ሰው ልብ ግን ደንደን ስላለ በደንብ ካልሞላ በደንብ አይረጭም፣ የግፊቱን መውረድ ተከታትሎ የሚያስተካክለው ሥርዓትም ቀርፋፋ ሆኗል።

ታዲያ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? በከፊል፣ አዎ። ከሌሊት ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰ፣ ዳሌው ተሰብሮ አልጋ ላይ የሰነበተ፣ ጠዋት ኢናላፕሪል የተባለውን የደም ግፊት ኪኒን የዋጠ ሰው ያሠጋኛል። ማደንዘዣው ወደ ደረት ከፍ ካለም ልብን የሚያፋጥኑት ነርቮች ጭምር ይደነዝዛሉ፣ ያኔ ግፊቱም የልብ ምቱም አብረው ይወርዳሉ። አሁን አሁን ደግሞ በአልትራሳውንድ ከታችኛው አካል ደም የሚመልሰውን ትልቁን ደም መልስ እናያለን። ሰውየው አየር ሲስብ ይህ ሥር በጣም የሚጨፈለቅ ከሆነ ውስጡ ያለው ደም አነስተኛ ሊሆን ይችላል። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ግን ስንት በመቶ ሲጨፈለቅ ነው የምንሰጋው ለሚለው ጥናቶቹ አንድ ቁጥር ላይ አልተስማሙም።

እኔ ማንኛውንም እንዲህ ያለ ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው «ወረደ» ያሉት ስንት ሲሆን እንደሆነ ነው። አንዱ ከ90 በታች ይላል፣ ሌላው ከመነሻው 20 በመቶ፣ ሌላው 30 በመቶ፣ ስለዚህ አንዱ ጋ ወረደ የተባለው ሰው ሌላው ጋ ደህና ይባላል። ለአረጋውያን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ዓመታት በ170 የኖረ ሰው 110 ሲገባ ወረቀት ላይ ያምራል፤ አንጎሉና ልቡ ግን ደም ሊጎድልባቸው ይችላል። መነሻው ራሱ የቱ ነው? ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ በፍርሃት ልቡ እየመታ የተለካውን ብቻ አንመን። ዋርድ ውስጥ ተረጋግቶ ተኝቶ የተለካውንም እንይ።

ያሠጋናል ያልነው ሰው ላይ ሥራችን ይለወጣል። የማደንዘዣ መድኃኒቱን የቡፒቫኬይኑን መጠን እንቀንሳለን፣ ግፊቱን በየደቂቃው እንለካለን፣ የደም ሥሮችን አጥብቦ ግፊት የሚያነሳውን ፌኒሌፍሪን ግፊቱ እስኪወድቅ ሳንጠብቅ እንጀምራለን፣ የልብ ምቱ ዝግ ካለ ደግሞ ግፊቱንም ምቱንም የሚያነሳው ኤፌድሪን ይሻላል። ቀድሞ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ማንቆርቆር ብቻውን አያድንም፣ የደከመ ልብንም ያጨናንቃል።

ቤተሰብ ከሆናችሁ ደግሞ አንድ ነገር አደራ፦ እናታችሁ ወይም አባታችሁ የሚወስዷቸውን ኪኒኖች በሙሉ፣ ዛሬ ጠዋት የዋጡትንም ጭምር፣ ሳንጠይቃችሁ ንገሩን።