እነዚህ ሰዎች የት ገቡ?

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። አምና በዚህ ቀን የጻፍኩላችሁ መልእክት ቀልድ የበዛበት ነበር፤ አንዱን ጥናቴን ሁለት መጽሔቶች መልሰውብኝ ስለነበር ለገምጋሚዎች ረጅም ዕድሜና ትንሽ ትዕግሥት ተመኝቼላቸው ነበር። ዘንድሮም ምኞቴን አልነፍጋቸውም፤ ነገር ግን የዘንድሮው መልእክቴ ስለ አንዲት ሰው ነው። የመመረቂያ ጽሑፌን ያማከሩኝ መምህሬ በዚህ ዓመት አርፈዋል።

እርሳቸውን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ አንድ የእርሳስ ጽሑፍ ነው። ተማሪ ሳለሁ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ መቀየር ያዘጋጀሁትን ረቂቅ ሰጥቻቸው ነበር፤ በአንዱ ሠንጠረዥ ግርጌ «ከሥራ ኃይል ውጭ የሆኑት ተቀንሰዋል» የምትል መስመር አለች። ለብዙ ወራት ስለደከምኩበት ቀመር አንድ ቃል ሳይተነፍሱ፣ ከዚያች መስመር ጎን «እነዚህ ሰዎች የት ገቡ?» ብለው ጽፈውባት መለሱልኝ። ተናደድኩ። የዓለም የሥራ ድርጅት መለኪያ ግልጽ ነውና፤ የሥራ መጠይቁ በሚጠይቅበት ሳምንት ለአንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ ወይም ለትርፍ የሠራ ሰው ሥራ አለው ይባላል፤ ሥራ ሳይኖረው የሚፈልግና ለመጀመርም ዝግጁ የሆነ ሥራ አጥ ይባላል፤ ከሁለቱም ያልሆነው ከሥራ ኃይል ውጭ ነው። እኔ የማጠናው ደመወዝ፣ እነዚህ ደግሞ ደመወዝ የሌላቸው! ቢሆንም የመምህር ቃል ነውና ተመልሼ «ሥራ ያልፈለጉበት ምክንያት» የሚለውን ዓምድ ከፈትኩ። ከተማሪዎቹና ከጡረተኞቹ አልፌ ወደ ታች ስወርድ «ሕመም» የሚል አገኘሁ፤ ከሥሩም «የታመመ ሰው ማስታመም» የሚል። የሥራ ገበያ ተመራማሪ ለመሆን የተነሣሁት ሰው ወደ ጤና ፖሊሲ የገባሁት በዚያ ዓምድ በኩል ነው።

በክፍል ውስጥም ጠባያቸው ያው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 በአሜሪካ የተካሄደውን፣ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም የመራውን የጤና መድን ሙከራ ሲያስተምሩን፣ ሕክምና በነጻ ያገኙት ቤተሰቦች ከኪሳቸው ከከፈሉት ይልቅ ብዙ እንደታከሙ፣ በአማካይ ግን ጤናቸው ያን ያህል የተለየ እንዳልነበር ይነግሩናል። ማስታወሻ ደብተራችንን ልናጥፍ ስንል «ገና ነው» ይሉና፣ የደም ግፊት ያለባቸውን ድሆች ለብቻ ያወጡልናል፤ ለእነዚያ ነጻው ሕክምና ግፊታቸውን ዝቅ አድርጎላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውን የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዋን የብሪጂት ማድሪያንን ጥናት ያስነበቡኝም እርሳቸው ናቸው። የጤና መድናቸው ከአሠሪያቸው ጋር የታሰረ ሠራተኞች፣ መድኑን እንዳያጡ ሲሉ ሥራ የመቀየር ዕድላቸው በሩብ ያህል እንደሚቀንስ ያሳየ ጥናት ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ ከዚያ ብዙ አልራቅኩም።

መምህሬ ሲታመሙ ልጃቸው ሥራዋን ትታ 9 ወር አስታመመቻቸው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ልጅቱ በተማሪ ደብተር ላይ በማስመሪያ ዓምድ አስምራ መድኃኒት ስትመዘግብ አገኘኋት፦ ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ «ወስደዋል»፣ «እምቢ ብለዋል»። መምህሬ በዓይናቸው ወደ ደብተሩ እያመለከቱ «ይህችን ልጅ የትኛው ረድፍ ውስጥ ልታስገባት ነው?» አሉኝ። ሦስታችንም ሳቅን። መልሱን እናውቀዋለን፤ ሌሊቱን ሳይቀር እየሠራች፣ በመጠይቁ ሳምንት ግን አንዲት ሰዓት ያልሠራች፣ ሥራም ያልፈለገች ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 ዓለም አቀፉ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ እንዲህ ያለውን ድካም «ሥራ» ብሎ ሲቀበለው፣ ቅጥር ግን ሳይለው ሲቀር፣ መምህሬ «ስሙን ሰጡት፣ ደመወዙን አቆዩት» ብለው ነበር።

የማመሰግናቸው ሌሎችም አሉ። በር እያንኳኳችሁ ለማታውቁት ሰው «ባለፉት 7 ቀናት ሠርተዋል?» የምትሉ መረጃ ሰብሳቢዎች፣ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ የምደምረው ሁሉ ከእናንተ እግር የመጣ ነው። የምርምር ረዳቴ ሆይ፣ በጉባኤ ላይ ልናቀርብ አንድ ሌሊት ሲቀረን የሕመምተኞችንና የጤነኞችን ኮድ አገላብጬ መጻፌን ያገኘኸው አንተ ነህ፤ አንተ ባትኖር ሕመም ደመወዝ ይጨምራል ብዬ ለዚያ ሁሉ ሰው ላበሥር ነበር። «አንድ ቁጥር ብቻ ስጠን» ለሚሉኝ ባለሥልጣናት ደግሞ በአዲሱ ዓመት የሠንጠረዥ ግርጌ የሚያነቡበት ጊዜ ይስጥልኝ።

ላንቺ ግን፣ የመምህሬ ልጅ፣ ምኞቴ ጠበብ ያለ ነው። ሥራ መፈለግ እንደጀመርሽ ነግረሽኛል፤ ስለዚህ አሁን በመጠይቁ ረድፍ ቀይረሻል ማለት ነው፤ እናትሽ ቢሰሙ ይስቁ ነበር። በማመልከቻሽ ላይ ያለውን የ9 ወር ክፍተት አይቶ ፊቱን የማያጠቁር አሠሪ ይግጠምሽ። «በዚህ ጊዜ ምን ትሠሪ ነበር?» ያለሽ እንደሆነም ያንን ደብተር ይዘሽ ሂጂና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪለት።