ምን ልያዝ?

ነሐሴ 10፣ ማታ

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። መብራትም ሁለቴ ሄዶ መጣ። ጣና ከቤታችን መስኮት አይታይም፤ እንዲህ ባለ ቀን ግን ሽታው እቤት ድረስ ይገባል፣ የረጠበ ደንገልና የጭቃ ሽታ። በፍልሰታ ሰሞን ሆዴ እንደሚባባ የምታውቁኝ ታውቃላችሁ። ከልጅነቴ ነው። ሐዘን አልለውም፣ ደስታም አልለውም፤ አንድ ቦታ መድረስ ኖሮብኝ የዘገየሁ ይመስለኛል።

ባሌ ደግሞ ዛሬ "በይ ወሩን ቁረጪው" አለኝ። እውነቱን ነው። ዕቁቡ በሐምሌ ደርሶኛል፣ እሱም ሁለት ዓመት ያጠራቀመው አለ፤ ሲሸልስ እንሄዳለን ማለት የጀመርነው ደግሞ ገና ከሠርጋችን ማግስት ነው። ስለዚህ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

ለመዋኘት አይደለም የምሄደው። ሰ. ባለፈው ዓመት ሄዳ የላከችልኝ ፎቶ ሁሉ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ነበር፤ ያምራል፣ ግን እኔ የምፈልገው ዛፉንና ወፉን ነው። አገሪቱ ከመቶ በላይ ደሴቶች አሏት። አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማሄ ነው፤ ከማሄ ፕራስሊን በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፕራስሊን ላ ዲግ ደግሞ ሩብ ሰዓት። መጀመሪያ ማሄን ሦስት ቀን ሰጠሁት፣ ከዚያ ወደ ሁለት አወረድኩትና የተረፈውን ለፕራስሊን ጨመርኩ። ምክንያቱም ቫሌ ደ ሜ የሚባለው ሸለቆ ያለው እዚያ ነው፤ ዩኔስኮ በ1983 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጫካ። ኮኮ ደ ሜር የሚሉት ዘንባባ የሚበቅልበት ነው። ፍሬው ለመብሰል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ዘሩ በዓለም ካለ ዘር ሁሉ ትልቁ ነው። ደሴቶቹ ገና ሳይታወቁ ባዶ ቅርፊቱ በባሕር ተንሳፎ ማልዲቭስ ዳርቻ ይወጣ ነበርና የዚያ አገር ሰዎች ዛፉ የሚበቅለው ከባሕር በታች ይመስላቸው ነበር። ነፍስ ያለው ዘር ግን አይንሳፈፍም፣ ይሰጥማል። ስለዚህ ይህ ዛፍ ባሕር ተሻግሮ አያውቅም፤ ልጁ የሚበቅለው እናቱ ሥር ነው። ይህንን ካነበብኩ ሳምንት ሆነኝ፤ አልለቀቀኝም።

ወሩን ነፋሱ ነው የሚወስነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል። በታኅሣሥና በጥር ዝናቡ ይበረታል። ረጋ የሚለው በሁለቱ መሐል ነው፤ ወይ ሚያዝያ፣ ወይ ከጥቅምት እስከ ኅዳር። ሚያዝያን እማዬ ዘጋችው። "አንቺ ልጅ፣ ፋሲካን ሰው አገር ልትውዪ?" አለች፤ በቃ። ስለዚህ ኅዳር። ኅዳር ደግሞ ምንቃሩ እንደ ጭልፊት የታጠፈው የባሕር ኤሊ እንቁላል ለመጣል ወደ አሸዋው የሚወጣበት ጊዜ ነው። ሌላ ቦታ በሌሊት ነው የሚወጣው፤ እዚያ ግን በጠራራ ፀሐይ። ኅዳር እዚህ ባሕር ዳር ወባ የሚበረታበት ወር ነው፤ እዚያ ግን ወባ የሚባል የለም። ለዚህም ብቻ ቢሆን ሄጄ አጎበር በሌለበት አልጋ አንድ ሳምንት መተኛት አምሮኛል።

አንድ ቀን ለኩዛን መደብኩ። ትንሽ ደሴት ናት፣ የተጠበቀች። በ1960ዎቹ፣ በፈረንጆቹ፣ አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ከምድር ልትጠፋ ደርሳ ነበር፤ በዓለም ላይ ከ30 በታች ቀርታ ያለችውም እዚህችው ደሴት ላይ ብቻ ነበር። በ1968 ደሴቷ ለወፎች ጥበቃ ተገዛች። ለንግድ የተተከለው ኮኮናት እየተነሳ የጥንቱ ጫካ ተመልሶ እንዲበቅል ተተወ። ዛሬ ያቺ ወፍ በሺህ ትቆጠራለች፣ ሌሎች ደሴቶች ላይም ተወስዳ ትኖራለች። እና እዚያ የሚሄድ እንግዳ በመጣበት ጀልባ አይወርድም፤ የደሴቷ ጠባቂዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው ይቀበሉታል፣ አይጥ ወይም ሌላ መጤ ነገር አብሮ እንዳይገባ። ይህን ሳነብ ስለ እምቦጭ አሰብኩ። በ2011፣ በፈረንጆቹ፣ ጣና ላይ ሲታይ አበባው ሐምራዊ ነው፣ ያምራል ያልን ሰዎች ነበርን። አሁንም ያናድደኛል።

ከዚያ አዲስ ገጽ ገለጥኩና ከላይ "ምን ልያዝ?" ብዬ ጻፍኩ። የዝናብ ልብስ። አጉልቶ ማያ መነጽር። ቁጥቋጦ የማይበጣጥሰው ጫማ።

እዚህ ላይ እጄ ቆመ፤ የቤተሰባችን እታባ መጣችብኝ።

የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ባሏ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ ልጆቿም ሁሉ ወጥተው፣ አንድ ቀን ሽሮ እየለቀመች ሳለ ቀና ሳትል "እኔ ከእንግዲህ ማዶ ነኝ" አለች። እናቴ ምንም አላለችም፤ ሽሮውን መልቀም ቀጠለች። በሳምንቱ ዕቃዋን ስታከፋፍል ውላ አደረች። ምጣዱ ለእኛ፣ ረከቦቱ ለጎረቤት፣ ሳጥኗ ለታላቁ ልጇ። ለራሷ ያስቀረችው ዳዊቷን፣ መቁጠሪያዋን፣ አንድ ጋቢ፣ አንድ ቅል፣ በስልቻ በሶ፣ እና ከጓሮ የነቀለችውን የዳማ ከሴ ችግኝ ነበር። ችግኙን የኒዶ ጣሳ ውስጥ ነው የተከለችው፤ የጣሳውን ቂጥ በምስማር በስታ። እስከ ጀልባው ድረስ የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ። ነሐሴ ነበር፣ ዝናብ ነበር፤ ጭቃው በቀዳዳው እየወረደ ነጭ ቀሚሴ ላይ ክብ ምልክት ሠራ። እማዬ ስንት ጊዜ አጠበችው፣ አልለቀቀም። ቀሚሱ እስኪጠበኝ ድረስ ሆዴ ላይ ያንን ክብ ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ያኔ ጀልባው ላይ ችግኙን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ኩዛን ቢሆን ኖሮ ይመልሷት ነበር።

ከዚያ በኋላ በየፍልሰታው እንሄድ ነበር፣ ትምህርት ስለሚዘጋ። እኔ ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ እየተባልኩ አድጌ የረገጥኩት አራቱን ብቻ ነው፤ ክብራንንና ዳጋን ሴት ስለማትገባ ከውሃው ላይ ነው ያየኋቸው። የእታባን ግን ዓይኔን ጨፍኜ እዞራታለሁ። ያኔ እማሆይ ሆናለች፣ ስሟም ተለውጧል፤ እኔ ግን እታባ ስላት ዝም ትለኝ ነበር። ዳማ ከሴው ከጎጆዋ አጠገብ፣ ከውሃው ዳር ወገቤን አክሎ ቆሟል። ምች የመታው ሁሉ ከእሷ ዘንድ ይመጣ ነበር። ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ስታስጠጋው እጇ የዕጣንና የጭስ ሽታ ነበረው።

አንድ ቀን ከጫካው ክንፉ ሹ ሹ የሚል ትልቅ ወፍ መጣ። ጥቁርና ነጭ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት። ከአንድ ትልቅ ዛፍ ግንድ ላይ ተለጠፈና በስንጥቅ ፍሬ ይሰጥ ጀመር። ማን እንደሚቀበለው አይታይም ነበር።

"አየሽ፣ ሚስቱ ከውስጥ ናት" አለችኝ። "ቆብ ደፍታ ገብታ በሩን በጭቃ መርጋዋለች። በዓት ዘግታለች።"

"አትወጣም?"

"እንዴት አትወጣም? ልጇ ክንፍ ሲያወጣ ትወጣለች።"

ለእኔ ያኔ ተረት ነበር። ካደግኩ በኋላ ነው እውነት መሆኑን ያነበብኩት፤ ሴቷ ግንዱ ፍልፍል ውስጥ ገብታ በሩን ትደፍናለች፣ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ትተዋለች፣ ወንዱ ጫጩቷ እስክትበር ይመግባታል። ያነበብኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። እታባ የገባችው ልጆቿ ክንፍ ካወጡ በኋላ ነው። ያንን እያወቀች ነው የነገረችኝ? ወይስ ለሕፃን የሚሆን ጨዋታ ነበር?

ካረፈች 11 ዓመት ሆናት። ዛሬ ማታ ደብተሬ ላይ የወፍ ስም እየጻፍኩ፣ ለአሥር ቀን የሁለት ዓመት ቁጠባ እየደለደልኩ ሳለሁ ነው አንድም ቀን ጠይቄያት እንደማላውቅ የገባኝ። እዚያ ምን ታዪ ነበር? ምን ያምርሽ ነበር? ስለ ጤናዋ ጠይቄያለሁ፣ ስለ ጸሎቷ፣ ጋቢው ቀዝቅዞባት እንደሆነ። ስለ ደሴቷ አልጠየቅኳትም። አንድ ሰው 23 ዓመት ደሴት ላይ ኖሮ፣ ቤተሰቡ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ስለ ደሴቷ አልጠየቀውም።

ከሠርክ ጸሎት በኋላ የምትቀመጥበት ድንጋይ ነበር። ጥቁር፣ ላዩ በመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ፣ ዳማ ከሴው አጠገብ። እግሯን ታጥፍና እስኪመሽ ታያለች። ድንጋዩን አስታውሳለሁ፣ ተረከዟን አስታውሳለሁ፣ ቅጠሉ ትከሻዋን ሲነካ አስታውሳለሁ። ከፊቷ ያለውን ግን አላስታውስም። ከደሴቷ በአንደኛው በኩል ባሕር ዳር ትታያለች፤ ሲመሽ መብራቷ አንድ በአንድ ይበራል፣ የእኛም ሰፈር እዚያው ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ውሃና ሰማይ ነው፣ ሌላ ምንም የለም።

አሁን ሦስት ሰዓት ላይ እማዬ ጋ ደወልኩ። ተኝታ ነበር።

"እታባ ድንጋዩ ላይ ስትቀመጥ ፊቷ ወዴት ነበር?" አልኳት።

ዝም አለች። ዝናቡ በእሷም ጣራ ላይ ይሰማል።

"ወደ ውሃው ነዋ" አለች። "ሌላ ወዴት ታያለች?"

ውሃውማ በሁሉም በኩል ነው። ከከተማው በኩል ነበር ወይስ ከወዲያኛው?