መርከብ በሚነሣበት ቀን

ሲያትል ውስጥ ቫን ለምንነዳ ሐበሾች ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ የመርከብ ወቅት ነው። ወደ አላስካ የሚሄዱት ትልልቅ የክሩዝ (የመዝናኛ ጉዞ) መርከቦች ከዚሁ ከከተማው ይነሣሉ። ቅዳሜና እሑድ ሥራችን በአብዛኛው ከኤርፖርት ወደ ወደብ፣ ከወደብ ወደ ኤርፖርት መመላለስ ነው። የማወራችሁ በአንድ የጁላይ እሑድ የገጠመኝን ነው።

በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያለው ሰዓት ሁሉ በእሱ ነው) ከሰዓት በኋላ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ኢንተርናሽናል ቡለቫርድ ላይ ባለ ሆቴል ሪሴፕሽን የሚሠራ ወንድማችን ደወለልኝ። "የት ነህ? የእኛ ሰዎች እዚህ ተቸግረው ቁጭ ብለዋል። መርከባቸው 4 ሰዓት ላይ ይነሣል፣ የሚወስዳቸው መኪና ቀረባቸው" አለኝ። ቱክዊላ ሰው አውርጄ እየተመለስኩ ስለነበር ቅርብ ነበርኩ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ስንት ሰው እንደሆኑና ስንት ሻንጣ እንደያዙ ነው። ስድስት ሰው፣ ትልልቅ ሻንጣ፣ አንድ የሚታጠፍ ዊልቸር።

ስደርስ እናትና አባት ሎቢው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጃቸው ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች፤ ባሏ ሁለቱን ልጆች ይዟል። ከዳላስ የመጡት በዋዜማው ነው። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። በመርከቡ ቀን ጠዋት በርረው የሚመጡ ሰዎች አውሮፕላናቸው ሲዘገይ ምን እንደሚሆኑ ደጋግሜ አይቻለሁ። የእነዚህ ችግር የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ለ12:30 በኢንተርኔት ቀድመው የከፈሉበት የጋራ አውቶቡስ አልመጣም። የተሰጣቸው ስልክ ቢደወል ቢደወል የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነው የሚመልሰው። ከዚያ በአፕ መኪና ጠሩ። አንዱ ሾፌር መጥቶ ሻንጣውን ሲያይ ትንሽ መኪና ነው፣ አይችልም፤ ሌላው ቫን ተቀብሎ ከቆየ በኋላ ካንስል አደረገ። ዋጋው ደግሞ በየደቂቃው ይጨምራል።

"ልጄ፣ እንደርሳለን?" አሉኝ እናትየው።

"በእግዚአብሔር ፈቃድ እንደርሳለን እማማ። እርስዎ ብቻ ይግቡ።"

ሻንጣውን እየጫንኩ "የትኛው ፒር ነው?" ብዬ ልጅቷን ጠየቅኋት፤ ፒር የምንለው መርከቡ የሚቆምበትን ወደብ ነው። ስልኳን አሳየችኝ፤ የተጻፈው 'ሲያትል ክሩዝ ተርሚናል' የሚል ነው፣ ካርታው የሚመራው ወደ ፒር 91 ነው። "እህቴ፣ ቦርዲንግ ፓሱን አሳዪኝ" አልኳት። እሱ ላይ ያለው ፒር 66 ነው። ሲያትል ሁለት የክሩዝ ወደብ አላት። ፒር 66 መሀል ከተማ፣ ቤልታውን ከሚባለው ሰፈር በታች ነው። ፒር 91 ከዚያ በስተሰሜን፣ ማግኖሊያ ድልድይ አጠገብ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ባይሆንም፣ በእንዲህ ያለ እሑድ ተሳስቶ ሄዶ መመለስ መርከብ ያስመልጣል። ስለዚህ ሰው የነገረኝንም ስልክ ያሳየኝንም አልቀበልም፣ ወረቀቱን ካላየሁ መኪና አላንቀሳቅስም።

እነሱ ልባቸውን የጣሉት 4 ሰዓት ላይ ነበር። በመሠረቱ መርከቡ የሚነሣበት ሰዓት ለተሳፋሪው ብዙ አይጠቅመውም። መርከቡ የተሳፋሪዎቹን የመጨረሻ ስም ዝርዝር ከመነሣቱ 60 ደቂቃ በፊት ለአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት የማስተላለፍ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ቼክኢን ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ይዘጋል፤ አንዳንዱ ከዚያም ቀድሞ ይዘጋል። መርከቡ እዚያው ቆሞ እያየኸው አትገባም። ለእኛ የነበረን ጊዜ እስከ 3 ሰዓት ብቻ ነው።

አይ-5 የሚባለው ዋናው ሃይዌይ ላይ አደጋ ነበር፣ ካርታው ላይ ቀይ ሆኗል። በ518 መንገድ ወጥቼ 509ን ያዝኩ። በዚህ መንገድ የሚያሰጋኝ ዱዋሚሽ ወንዝ ላይ ያለው የፈርስት አቬኑ ድልድይ ነው፤ ጀልባ ሲመጣ ይነሣና መኪናውን ሁሉ ያቆመዋል። በዚያን ቀን አልተነሣም። ቀጥሎ መምረጥ ነበረብኝ፦ በአላስካን ዌይ በባሕሩ ዳር መሄድ፣ ወይም በ99 መንገድ ዋሻ ገብቶ ከከተማው ማዶ ወጥቶ መመለስ። በባሕሩ ዳር ያለው አጭር ነው። ግን የቤዝቦል ጨዋታ ያለበት ፀሐያማ እሑድ ነው፤ ኮልማን ዶክ ላይ ደግሞ ለፌሪ የተሰለፈው መኪና አለ። ዋሻው ውስጥ መሀል ላይ መውጫ የለም፣ ክፍያም አለው፣ ነገር ግን ያን ሁሉ መጨናነቅ ያልፈዋል። በዋሻው ሄድኩ።

ባልየው በመንገድ ላይ "ካመለጠን በአውሮፕላን ሄደን ኬቺካን ላይ እንይዘዋለን" አለ፤ ኬቺካን የአላስካ ወደብ ናት። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው፤ መልሱን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ በ1886 ያወጣችው የመንገደኞች መርከብ ሕግ አለ። የውጭ አገር ባንዲራ ያለው መርከብ ሰውን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ጭኖ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ላይ እንዳያወርድ ይከለክላል። እነዚህ ትልልቅ ክሩዞች ደግሞ አብዛኞቹ የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የቤርሙዳ ባንዲራ ያላቸው ናቸው። ከሲያትል ተነሥቶ ሲያትል የሚመለስ ሰው ችግር የለበትም፣ መርከቡ መሀል ላይ ካናዳ ቪክቶሪያ ጎራ ይላል። ኬቺካን ተሳፍሮ ሲያትል የሚወርድ ግን በሁለት የአሜሪካ ወደቦች መካከል የተጓጓዘ ይሆናል፤ ቪክቶሪያም በሕጉ እንደ ሩቅ ሳይሆን እንደ ቅርብ የውጭ አገር ወደብ ስለምትቆጠር አታድነውም። ስለዚህ መርከቡ ሊከለክለው ይችላል። ኬቺካን ራሷ ደሴት ላይ ናት፤ ሌላዋ የአላስካ ወደብ ጁኖም ብትሆን በመኪና አይደረስባትም። ይህን ስነግረው ዝም አለ። እኔም ሳላስፈራራው እውነቱን መንገር ነበረብኝ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣውን ውሳኔ አብረን ነው የምንወስነው።

ከዋሻው ወጥተን በብሮድ ስትሪት ወደ ባሕሩ ስንወርድ መዝጊያው ወርዷል፣ ቀይ መብራቱ ይብለጨለጫል፣ የዕቃ ባቡር እየተንፏቀቀ ያልፋል። የባቡሩ ሐዲድ በዚያ በኩል በከተማውና በወደቡ መካከል ያልፋል። ብሮድ፣ ክሌይ፣ ቫይን፣ ዎል፣ አራቱም መንገዶች ሐዲዱን የሚያቋርጡት በመሬት ነው። ባቡሩ ረጅም ከሆነ አራቱንም አንድ ላይ ይዘጋቸዋል። ቆሞ መጠበቅ ይቻል ነበር፣ ግን ባቡሩ ቢቆምስ? ኤሊየት አቬኑን ይዤ ወደ ቤል ስትሪት ሄድኩ። እዚያ ከኤሊየት ተነሥቶ ከሐዲዱም ከአላስካን ዌይም በላይ የሚሻገር የእግረኛ ድልድይ አለ፤ ወደቡ ፊት ያወርዳል፣ ሊፍትም አለው። "ከዚህ በእግር ነው የምንሄደው" አልኳቸው። መኪናውን አቁሜ፣ አባትየውን ዊልቸር ላይ አስቀመጥናቸው፣ እኔና ባልየው ሻንጣዎቹን ጎተትን። ድልድዩ ላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ባቡሩ ገና አላለቀም።

ወደቡ ላይ ሻንጣ ተቀባዮቹ ዕቃውን ተረከቡን። ሰዓቱ 2:40 ነበር። ልጅቷ በሩ ላይ ዞራ "ወንድሜ፣ ስንመለስም አንተ ነህ የምትወስደን" አለችኝና ገቡ።

የጋራ አውቶቡስ መጥፎ ነው አልልም፤ በሰዓቱ የሚመጣና በአክብሮት የሚያደርስ አለ። ቀላል ሻንጣ ለያዘ ጎልማሳ ሰው ደግሞ ላይት ሬይል የሚባለውን የከተማ ባቡር እመክራለሁ። ከኤርፖርቱ እስከ ዌስትሌክ ጣቢያ 40 ደቂቃ ገደማ ነው፣ የሃይዌይ ትራፊክ አይነካውም፣ ከዚያ ወደ ፒር 66 ቁልቁለት ነው። ወደ ፒር 91 ግን አይደርስም፤ ሽማግሌና ዊልቸር ላለውም አልመክርም። የሚያሳስበኝ ሰው ሲመርጥ ዋጋውን ብቻ ጠይቆ መተኛቱ ነው። መጠየቅ ያለበት "ይህ መኪና ባይመጣ፣ በዚያች ሰዓት ስልኬን የሚያነሣ ሰው አለ ወይ? ሌላ መንገድ የሚበቃ ጊዜስ ይቀረኛል ወይ?" ብሎ ነው። ለ4 ሰዓት መርከብ 12:30 ላይ የሚነሣ መኪና መያዝ በራሱ ልክ ነበር። ስህተቱ አውቶቡሱ ሩብ ሰዓት ሲዘገይ ሌላ አለመፈለግ ነው። በነጻው የሆቴል መኪና ወደ ኤርፖርት ቢመለሱ ኖሮ የመኪና ማቆሚያው ሕንፃ 3ኛ ፎቅ ላይ ታክሲ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ትልልቅ መኪናም ይገኝ ነበር። እነሱ ይህን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም፤ ማወቅ የነበረብን እዚህ የምንሠራው ነን።

ስለዚህ ከዚያ ወዲህ አሠራራችንን ለወጥን። ሪሴፕሽን ያለው ወንድማችን ነገ መርከብ አለኝ የሚል እንግዳ ሲመጣ፣ ማታውኑ ፒሩን ከቦርዲንግ ፓሱ ላይ አይቶ በምን እንደሚሄድ ይጠይቃል። እኛ ሾፌሮቹ ደግሞ የመርከብ ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ ተተኪ ሾፌር እንዲመድብ ተስማማን፤ ተሳፋሪው የሁለታችንንም ስልክ በዋዜማው ይቀበላል።