የብረቱ ዙፋን መጨረሻ፦ ከከዚራ ሆኜ ሳየው

«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ካበቃ ዓመታት ቢያልፉም፣ እዚህ ድሬዳዋ ስለ መጨረሻው ወሬ ከተነሣ ሰው ዛሬም ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ስምንት ሲዝን የተለፋበትን በስድስት ክፍል አበላሹት» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ታሪኩ ከመነሻው ወደዚሁ ነበር የሚያመራው፤ እናንተ ሳታዩት ቀራችሁ እንጂ» ብሎ ይመልሳል። እኔ ሁለቱንም ወገኖች ከዚራ ካሉት ዛፎች ሥር ተቀምጬ ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ፤ ሁለቱም የሚናገሩት ከልባቸው ስለሆነ ክርክሩን እወደዋለሁ። የራሴን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ ታሪኩ የደረሰበት ቦታ ትክክል ነበር፣ እዚያ ያደረሰን ጉዞ ግን ከመሀሉ ተቆርጧል። ስለዚህ አድናቂዎቹ ያዘኑት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተከላከሉለትም ሰዎች ያዩት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ክፍል በአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ የቀረበው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 17 ቀን 2011 ሲሆን፣ 73ኛውና የመጨረሻው ክፍል ሜይ 19 ቀን 2019 ምሽት ተላልፏል። በእኛ አቆጣጠር ዕለቱ ሰኞ ግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ሆኖ፣ ሰዓቱም ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር። (በእነሱ 2011 ተጀምሮ በእኛ 2011 ማለቁ አሁንም ይገርመኛል።) ወሩ ረመዳን ስለነበር ያ ሰዓት በብዙ የድሬዳዋ ቤቶች ሰው ለሱሁር የሚነሣበት ነው። በዚያው ግንቦት በአገሪቱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ይሰጥ ስለነበር ግን ነቅቶ መገኘት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የሰፈሩ ተራ ካልሆነ ቴሌቪዥኑም ኮምፒውተሩም ጨለማ ውስጥ ነው።

በዚህ ምክንያት አብዛኞቻችን መጨረሻውን ያገኘነው ሰኞ ማታ፣ ከማፍጠሪያ በኋላ ነው። መጋላ አጠገብ ፊልም የሚጭን አንድ ኮምፒውተር ቤት ነበር፤ ጠባብ ክፍል፣ አንድ የሚንጫጫ ፋን፣ በጎማ ላስቲክ የታሰረ ሃርድ ዲስክ። ልጆቹ ሳምቡሳቸውን በወረቀት ይዘው፣ ፍላሻቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ተራ ይጠብቃሉ። ባለቤቱ ማንም ሰው ስለ መጨረሻው አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ በጥብቅ ከልክሎ ነበር፤ ቀድሞ ያየ አንድ ጎረምሳ «አቦ፣ ዙፋኑ እኮ...» ብሎ ሲጀምር በአንድ አፍ ጮኸው ዝም አሰኙት። እንደዚያ በጉጉት የተጠበቀ ፊልም ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ለማያስታውስ ሰው፣ መጨረሻው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ዳኔሪስ ታርጋሪየን የተማረከችውን የዌስተሮስ ምድር ዋና ከተማ ኪንግስ ላንዲንግን በዘንዶዋ ካቃጠለች በኋላ፣ የሚያፈቅራት ጆን ስኖው በጩቤ ይገድላታል። ዘንዶው ድሮጎን ሁሉም የሚዋጋበትን የብረቱን ዙፋን በእሳቱ አቅልጦ አስከሬኗን ይዞ ይበርራል። ከእልቂቱ የተረፉት መኳንንት ተሰብስበው፣ በሰንሰለት የታሰረው ቲሪየን ባቀረበው ሐሳብ ብራን ስታርክን ያነግሣሉ። ሳንሳ የሰሜኑ ንግሥት ትሆናለች፣ ጆን በሰሜን ጫፍ ወዳለው የበረዶ ግንብ ይጋዛል፣ አርያ ካርታው ወደሚያልቅበት ወደ ምዕራብ በመርከብ ትሄዳለች።

ከሁሉ የከረረው ጠብ በዳኔሪስ ምክንያት የተነሣው ነው። ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ ጓደኛዬ ያን ሳምንት የተናገረችው ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። እሷ እንደምትለው፣ በዚያ ሁሉ የጌቶችና የነገሥታት ሽኩቻ ውስጥ ባሪያ ነጻ ያወጣችው ዳኔሪስ ናት፤ በገዛ ወንድሟ ተሸጣ፣ ተዋርዳ፣ ባሏንና ልጇን ቀብራ የተነሣች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለችን ሴት በመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች አሳብደው፣ እየሳመ በሚወጋት ወንድ እጅ ማስገደል የጸሐፊዎቹን ንቀት ያሳያል። ይህ ቅሬታ የእሷ ብቻ አልነበረም። ሴት ልጆቻቸውን በማዕረግ ስሟ «ካሊሲ» ብለው የሰየሙ ወላጆች በአሜሪካም በእንግሊዝም ነበሩ፤ ለእነሱ የዚያን ዕለት የታየው ነገር ተራ የፊልም ቅሬታ ሊሆን አይችልም።

በተቃራኒው የቆመው ወገን ማስረጃ አያጣም። ገና በመጀመሪያው ሲዝን ወንድሟ በራሱ ላይ የቀለጠ ወርቅ ፈስሶበት ሲሞት ዓይኗን ሳታርገበግብ ተመልክታለች። የባሪያ ጌቶች ከተማ ሚሪን ስትገባ 163 ሕፃናት ተሰቅለው ስላገኘች 163 ጌቶችን አሰቅላለች። የፈረሰኞቹን የዶትራኪ ጎሳዎች አለቆች ቤት ዘግታባቸው አቃጥላለች፤ አልንበረከክም ያላትን ሎርድ ታርሊን ከነልጁ በዘንዶ እሳት አመድ አድርጋለች። «በእያንዳንዱ ጊዜ አጨብጭባችኋል፤ ያጨበጨባችሁት የሞቱት ሰዎች ስለማያሳዝኑ ነው» ይላሉ። ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ እኔም አጨብጭቤ ነበር።

ነገር ግን ዝርዝሩ እውነት መሆኑ ብቻ ጉዳዩን አይዘጋውም። ከላይ የተቆጠሩት ሁሉ ጠላቶቿ ናቸው፤ ወይ በድለዋታል፣ ወይ እምቢ ብለዋታል። በመጨረሻው ሲዝን አምስተኛ ክፍል የተቃጠሉት ግን እጅ መስጠታቸውን የሚያበሥር ደወል የተደወለላቸው፣ ምንም ያላደረጉ እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ጠላትን ያለ ርኅራኄ ከመቅጣት ተነሥቶ እጁን የሰጠ ሕዝብ እስከ መፍጀት ድረስ ትልቅ ገደል አለ፤ ድራማው ያን ገደል የተሻገረው ዘንዶዋ ላይ ተቀምጣ የተለዋወጠውን ፊቷን ለጥቂት ቅጽበት በማሳየት ነው። ተዋናይዋ ኤሚሊያ ክላርክ በዚያች ቅጽበት ውስጥ የቻለችውን ሁሉ አድርጋለች፤ ፊቷ ላይ ሐዘንም፣ ቁጣም፣ ብቸኝነትም ይነበባል። የጎደለው ጊዜ ነው። ዘንዶዋ ሬጋል ሲገደልባትና ወዳጇ ሚሳንዴይ ዓይኗ እያየ ስትሰየፍ፣ የዌስተሮስ ሕዝብም ከእሷ ይልቅ ጆንን ሲወድ፣ ይህ ሁሉ እንዴት እየሰበራት እንደሄደ የሚያሳይ አንድ ሙሉ ሲዝን ቢኖር ኖሮ፣ ጓደኛዬ ማልቀሷ ባይቀርም ተታለልኩ አትልም ነበር።

ከመጀመሪያው እስከ ስድስተኛው ያሉት ሲዝኖች እያንዳንዳቸው አሥር ክፍል ነበራቸው፤ ሰባተኛው ሰባት፣ ስምንተኛው ስድስት ብቻ ሆኑ። ክፍሎቹ በደቂቃ ረዝመዋል፤ ሆኖም ለታሪኩ ያስፈልገው የነበረው በክስተቶች መካከል የሚያልፍ ጊዜ ነው። ይህን ከማንም በተሻለ ያስረዱኝ አጎቴ ናቸው። የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ርቀትን በሥራቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ከተማችን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ስለሆነች፣ በዚህ ከተማ የጉዞን ክብደት የማያውቅ ሽማግሌ አይገኝም። ሰባተኛውን ሲዝን አብረን ስናይ፣ ጓደኞቹ በሙታን ጦር ተከብበው ሳለ አንዱ ሰው ከግንቡ ማዶ በበረዶ ላይ ሮጦ ምሽጉ ይደርሳል፣ ከዚያ ቁራ ተልኮ ባሕር ተሻግሮ ዳኔሪስ ጋ ይደርሳል፣ እሷም ዘንዶዎቿን አስነሥታ ያንኑ መንገድ ተመልሳ ታድናቸዋለች፤ የተከበቡት ሰዎች ግን ገና እዚያው ናቸው። አጎቴ ሪሞቱን አስቀመጡና፣ «ልጄ፣ በመጀመሪያው ላይ ንጉሡ ሰሜን ለመድረስ ወር ሙሉ አልነበር እንዴ የተጓዘው? መንገዱን ማን አሳጠረው?» አሉኝ።

የአጎቴ ጥያቄ ከካርታ ያለፈ ነው። ይህ ድራማ ከሌሎች የተረት ፊልሞች የተለየውና እኛን የያዘን፣ ማንኛውም ድርጊት ዋጋ የሚያስከፍልበት ስለነበር ነው። ኔድ ስታርክ ጠላቱን አምኖ ስላስጠነቀቀ አንገቱን ተቀላ፤ ዋናው ጀግና የመሰለን ሰው በመጀመሪያው ሲዝን ዘጠነኛ ክፍል ሞተ። ሮብ ስታርክ የጋብቻ ቃሉን ስላፈረሰ በሦስተኛው ሲዝን በሠርግ ቤት ከነእናቱ ታረደ። ርቀቱ፣ ክረምቱ፣ የስንቅ እጥረቱ፣ የተሰበረ ቃል ኪዳን ሁሉ ይቆጠር ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች ይህ ሒሳብ ቆመ። ጆርጅ አር. አር. ማርቲን አምስተኛውን መጽሐፍ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ስድስተኛው ሳይደርስ ድራማው መጽሐፎቹን ቀድሟቸው ሄደ፤ አዘጋጆቹ ዴቪድ ቤኒዮፍና ዲ. ቢ. ዋይስ የታሪኩን ዋና ዋና ማረፊያዎች ከደራሲው ቢሰሙም፣ በማረፊያዎቹ መካከል ያለውን ሀገር ራሳቸው መሙላት ነበረባቸው። ኤችቢኦ ተጨማሪ ሲዝኖችን ለመሥራት ፈቃደኛ እንደነበረ በወቅቱ በሰፊው ተዘግቧል፤ እንዲያጥር የመረጡት አዘጋጆቹ ናቸው። እኔ እስካሁን የማዝነው በዚህ ነው።

ስለ ስምንተኛው ሲዝን ሦስተኛ ክፍል ጨለማነት ብዙ አልናገርም። የዊንተርፌልን ጦርነት በ55 ሌሊት ቀርጸውታል፤ እዚህ ግን የተጨመቀውን ቅጂ መስኮቱ ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ ያየ ሰው ከጥቁር ስክሪን ላይ የሰይፍ ድምፅ ሲሰማ ነው የዋለው። ያው ሰው በሌሊት፣ መብራት አጥፍቶ ሲያየው ሐሳቡን እንደለወጠ አውቃለሁ። አርያ የሙታኑን ጦር መሪ ናይት ኪንግን መግደሏንም የሚቃወሙ አሉ፤ እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

የብራን መንገሥ ግን ሰፊ ጊዜ ይገባዋል፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የእኛ ሰው ያየውና ሌላው ዓለም የተከራከረበት ነገር አንድ አይደለም። ብዙዎች የተናደዱት «ምንም ያልሠራ ልጅ እንዴት ይነግሣል» ብለው ነው። ታሪክ የሚያስተምሩ አንድ ጎረቤታችን ግን በመኳንንቱ ጉባኤ አልተገረሙም። በእኛ ታሪክ የነገሥታቱ ወንድ ዘመዶች በዙፋን እንዳይጣሉ በግሸን አምባ ተጠብቀው ይኖሩ እንደነበር፣ ንጉሥ ሲሞትም ከመካከላቸው አንዱ ወርዶ ይነግሥ እንደነበር፣ ሥርዓቱም እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን መዝለቁን አስታወሱን። «ከጦርነት የደከሙ መኳንንት ለማንም የማያሰጋውን ሰው ይመርጣሉ፤ ይህ ያለ ነው» አሉ። የጆን ጓደኛ ሳምዌል ሕዝቡ ሁሉ ይምረጥ ሲል መኳንንቱ የሳቁበትን ቦታ ደግመን እንድንከፍትላቸው ጠየቁ፤ ከመጨረሻው ክፍል ሁሉ እጅግ እውነተኛ ያሉት ያንን ነው።

እኔም በብራን መመረጥ ቅር አልተሰኘሁም። ቅር ያለኝ ከዚያ ቀጥሎ በሆነው ነው። ሳንሳ «ሰሜን ነጻ መንግሥት ሆኖ ይቀጥላል» ስትል አዲሱ ንጉሥ ይፈቅድላታል፤ የብረት ደሴቶቿ ያራ ግሬይጆይ እዚያው ተቀምጣለች፣ በስድስተኛው ሲዝን ከዳኔሪስ ጋር በተዋዋለችው መሠረት ነጻነት የተገባላት ሴት ናት፣ አንዲት ቃል ግን አትናገርም። የደቡቡ ግዛት የዶርን ልዑልም ዝም። ሕዝቡን ለሺህ ዓመታት ነጻ ለማድረግ የታገለ ወገን ሌላው ሲፈቀድለት እያየ «እኔስ?» ሳይል አይቀርም። በሦስተኛውና በአራተኛው ሲዝን ይህ ጉባኤ ብቻውን ሁለት ክፍል ይፈጅ ነበር፤ ማን ከማን ጋር በሌሊት እንደተማከረ፣ ማን ምን ተቀብሎ ዝም እንዳለ እናይ ነበር።

የቲሪየን ወንድም ጄይሚ ወደ እኅቱና ፍቅረኛው ወደ ንግሥት ሰርሴ መመለሱንም ብዙ ሰው ይጠላዋል፤ ለእኔ ግን አሳዛኝና ትክክለኛ ነው። ለዓመታት ሲሻሻል ያየነው ሰው ሁሉ መጨረሻው ያምራል የሚል ሕግ የለም።

ዓለም ራሱም አልተስማማም። መጨረሻውን በተላለፈበት ምሽት 19.3 ሚሊዮን ሰው በኤችቢኦ አይቶታል፤ ስምንተኛው ሲዝን «ብቃት ባላቸው ጸሐፊዎች» እንደገና ይሠራ የሚል አቤቱታ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ፤ በዚያው የፈረንጆች ዓመት መስከረም ግን ያው ሲዝን ምርጥ ድራማ የሚለውን ጨምሮ 12 የኤሚ ሽልማት ወሰደ። አቤቱታውን አልፈረምኩም። ካሜራ የያዙ፣ ልብስ የሰፉ፣ በበረዶ ውስጥ ለወራት ሌሊቱን ሲቀረጹ ያደሩ ሰዎች ሥራ ይጣል ማለት አይዋጥልኝም፤ የራሚን ጃዋዲን ሙዚቃ ብቻ እንኳ ያን ሲዝን ደግሞ ለማየት ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታርጋሪየኖችን የቀድሞ ታሪክ የሚተርከው «ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን» ሲጀመር፣ ልብስ ነጋዴዋ ጓደኛዬ ዳኔሪስን ያደረጓትን እስካልረሳች ድረስ አላይም ብላ ነበር። አጎቴ ግን ከመጀመሪያው ክፍል ጀምረው ተከታትለዋል፤ በየክፍሉ መሀል ስንት ዓመት እንዳለፈ እየጠየቁ፣ በዚህኛው ጊዜ መቆጠሩ እንዳስደሰታቸው ይነግሩኛል። እሷንም በቅርቡ «ነይ፣ አብረን እንየው፤ ካልጣመሽ ታቆሚያለሽ» አሏት፤ በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት ትመጣለች።