ናቺ ፏፏቴ ሄጄ አውቶቡስ ያመለጠኝ ቀን

ጃፓን ውስጥ ናቺ ፏፏቴን ለማየት ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መድረሱ ቀላል ነው። ከኦሳካ በፈጣኑ ባቡር አራት ሰዓት ያህል ተጉዤ ካትሱራ የምትባል የወደብ ከተማ ወረድኩ። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ገደማ በአውቶቡስ።

ጣቢያው ጋ መረጃ የሚሰጠው ሰውዬ የአውቶቡስ ሰዓት ያለበት ወረቀት ሰጠኝና "እስከ ፏፏቴው በአውቶቡስ ይሂዱ፣ ደረጃው ያደክምዎታል" አለኝ። አልሰማሁትም፤ እናንተም አትስሙት። ዳይሞንዛካ ላይ ውረዱ። ከ260 በላይ የድንጋይ ደረጃ ያለው የጥንት ተሳላሚዎች መንገድ ነው። መግቢያው ላይ ግራና ቀኝ የቆሙትን ሁለት ግዙፍ ዛፎች "ባልና ሚስት" ይሏቸዋል፤ 800 ዓመት ኖረዋል ይባላል። ድንጋዩ ሽበት ይዞ ያንሸራትታል። ሶሉ ያለቀ ጫማ አታድርጉ።

ላይ የሺንቶ (የጃፓኖች ጥንታዊ እምነት) መቅደሱና ሴይጋንቶጂ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጎን ለጎን ናቸው። ፓጎዳ ከሚሉት ቀይ ባለ 3 ፎቅ የቤተ መቅደስ ግንብ ባሻገር 133 ሜትር የሚወረወረው ውሃ ይታያል። ፎቶ ላይ የምታዩት ይሄን ነው። የእኔ ልብ የቀረው ግን ታች፣ ከፏፏቴው ሥር ነው። ሰዎች እጃቸውን አጋጥመው ለውሃው ለራሱ ይሰግዳሉ። ጠበል ቦታ ሲመላለስ ያደገ ሰው ያንን ዝምታ ያውቀዋል። እምነቱ የእኔ ባይሆንም ነጠላዬን ያጣፋሁ ያህል ተሰማኝ። ቆየሁ። በጣም ቆየሁ።

ሰውዬው በሰጠኝ ወረቀት መሠረት ገና አንድ አውቶቡስ ይቀረኝ ነበር። ፌርማታው ጋ ስደርስ ሰው የለም። የተለጠፈውን ሰሌዳ ከወረቀቴ ጋር ሳስተያየው ሰዓቶቹ አይገናኙም። ወረቀቱ የቆየ ነው! የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። አሮጌ ወረቀት ለእንግዳ ማደል ምን ይባላል? እስካሁን ያናድደኛል። ከሱ በላይ ግን በራሴ ነው የምናደደው። ጠዋት ከአውቶቡስ ስወርድ እዚያ ፌርማታ ያለውን ሰሌዳ ፎቶ ባነሳው ኖሮ አምስት ሴኮንድ አይፈጅብኝም ነበር።

ወሩ ኅዳር ነው። በእኛ 11 ሰዓት ላይ ፀሐይ ገብታለች። ሱቆቹ ተዘግተዋል። ታክሲ የለም። ስልኬ ካርታ እያሳየኝ ሞተ። በመኪናው መንገድ ጠርዝ ቁልቁል መሄድ ጀመርኩ። ከጎኔ ወንዙ ይጮሃል፤ ጫካው ድቅድቅ ያለ ነው። መኪና በመጣ ቁጥር ነጂው እንዲያየኝ ነጩን ፎጣዬን አውለበልባለሁ። ፈራሁ፤ አለቀስኩም። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጓዝኩ በኋላ ሽማግሌ ባልና ሚስት መኪናቸውን አቁመው ባቡር ጣቢያው ድረስ አደረሱኝ። አንድ ቃል አልተግባባንም። ስወርድ ሴትዮዋ ሁለት መንደሪን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

እመለሳለሁ። ግን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ አልሞክረውም። ካትሱራ አድራለሁ፣ እዚያው ወደብ የወጣ ቱና እበላለሁ፣ ፍል ውሃ እገባለሁ፣ በጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶቡስ እወጣለሁ። ስልክ መሙያም እይዛለሁ።